«ሃይድሮሊክ» ውሃ ነውን? በአሮጌ የእርሻ ትራክተሮች የማንሻ ሥርዓት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ከተራ ቃል የሚለየው በሚያስከትለው ኃላፊነት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር አንድ ቃል ቢዛነፍ ሰሚው ከአገባቡ ተረድቶ ያልፈዋል፤ በጥገና ቤት ወይም በእርሻ ማሳ ላይ የሙያ ቃል ሲዛነፍ ግን የሚሳሳተው የሠራተኛው እጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ስያሜዎች በአሮጌ የእርሻ ትራክተሮች ላይ የሚገኘውን በዘይት የሚሠራ የማንሻ ሥርዓት የሚመለከቱ ናቸው። ይህን መስክ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዕድሜያቸው ከግማሽ ምዕት ዓመት ያለፈ ትራክተሮች በዓለም ዙሪያ እየተጠገኑ ዛሬም ስለሚያርሱ፣ የክፍሎቻቸው ስም የታሪክ ብቻ ሳይሆን የሥራም ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ መስክ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የሚመለሱ ስያሜዎች የትርጉም ሥራ የሚደናቀፍባቸውን ሁነኛ ስፍራዎች ሁሉ በአንድነት ያሳያሉ።

የምንተቸው አንድን ደራሲ ወይም አንድን መጽሐፍ አይደለም፤ የምንተቸው ልማድን ነው። ልማዱም ይህ ነው፦ ተርጓሚው የባዕዱን ቃል በሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ያገኘውን አቻ ያነሣል፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ስያሜውን ያጸድቃል። የእኛ አቋም ግን፣ ስያሜ የሚሰጠው ለቃሉ ሳይሆን ለነገሩ ነው የሚል ነው። ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን ባጭሩ እንግለጥ።

1. ነገሩ

በትራክተር የኋላ ክፍል ማረሻን፣ መከስከሻን ወይም መዝሪያን አንሥቶ የሚይዘውና ዝቅ የሚያደርገው ሥርዓት በስፋት የታወቀው በሃሪ ፈርጉሰን ስም ነው። ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1884 በሰሜን አየርላንድ፣ በዳውን አውራጃ ተወልዶ በ1960 ያረፈ መካኒክና የፈጠራ ሰው ነበር። ከእርሱ በፊት ማረሻ ከትራክተር ኋላ የሚታሰረው ጋሪ ከበቅሎ ኋላ እንደሚታሰር ሁሉ በመጎተቻ ብቻ ነበር። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር ሲጋጭ የትራክተሩ ፊት ወደ ላይ እየተነሣ ነጂውን ወደ ኋላ ገልብጦ የሚጨፈልቅበት አደጋ ተደጋግሞ ደርሷል። ፈርጉሰን ለዚህ ችግር መላ ሲፈልግ፣ ማረሻውንና ትራክተሩን በሦስት ክንዶች አገናኝቶ እንደ አንድ አካል እንዲሠሩ አደረገ። በ1933 «ጥቁሩ ትራክተር» በመባል የታወቀውን የሙከራ ሞዴል አሠራ፤ በ1936 ከዴቪድ ብራውን ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ለገበያ አቀረበ፤ በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር በቃል ብቻ ተስማማና በ1939 ፎርድ 9ኤን የተባለው ትራክተር በአሜሪካ ወጣ። ከጦርነቱ በኋላ ስምምነቱ ፈርሶ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1952 ፈርጉሰን 9.25 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ጉዳዩ በእርቅ ተዘጋ። ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ የተሠራው ቲኢ20 ከ500,000 በላይ ተመርቶ ዓለምን አዳረሰ። ድርጅቱም በ1953 ከማሲ ሃሪስ ጋር ተዋሕዶ፣ ከ1958 ጀምሮ ማሲ ፈርጉሰን ተብሎ ተጠራ።

የቲኢ20 የማንሻ ሥርዓት የሚከተለውን ይመስላል። አራት ፒስተኖች ያሉት ፓምፕ በኋለኛው የማርሽ ሣጥን ውስጥ፣ በዘይት ውስጥ ተነክሮ ተቀምጧል። የሚዞረው ወደ ኋላ ለሌሎች መሣሪያዎች ኃይል በሚያስተላልፈው ዘንግ ነው። ፓምፑ የሚስበው ዘይትም የካምቢዮው ዘይት ራሱ ነው። መቆጣጠሪያው ቫልቭ የተተከለው ዘይቱ ወደ ፓምፑ በሚገባበት በኩል ስለሆነ፣ ማንሣት በማያስፈልግበት ጊዜ ፓምፑ ቢዞርም ዘይት አይገፋም። ማንሣት ሲፈለግ ዘይቱ ወደ አንድ ሲሊንደር ይገባል፤ በውስጡ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ የማንሻ ክንዶቹን ይጠመዝዛል፤ ክንዶቹ ማረሻውን ያነሣሉ። ዝቅ ሲል ግን የሚሠራ ዘይት የለም፤ ቫልቩ ይከፈታል፤ ማረሻው በገዛ ክብደቱ ዘይቱን እየገፋ ይወርዳል።

ይህ ነው ነገሩ። አሁን ወደ ስሞቹ እንለፍ።

2. «ሃይድሮሊክ»

ቃሉ በግሪክኛ ከሁለት ሥሮች የተገነባ ነው፤ አንዱ «ውሃ»፣ ሌላው «ቧንቧ» ወይም «ዋሽንት» ማለት ነው። በመጀመሪያ የወጣውም ለማሽን ሳይሆን ለዜማ መሣሪያ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ክቴሲቢዮስ እንደ ሠራው የሚነገርለት፣ በውሃ ግፊት የሚነፋ ኦርጋን በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ብሌዝ ፓስካል፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ አስረዳ፤ ጆሴፍ ብራማም በ1795 በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ የባለቤትነት መብት አወጣበት። የብራማ መጭመቂያ በውሃ ይሠራ ስለነበር እስከዚያ ድረስ ስሙና ነገሩ አልተለያዩም። በትራክተሩ ውስጥ ግን ውሃ የለም፤ ያለው ዘይት ነው።

ከዚህ የተነሣ «ሃይድሮሊክ»ን «የውሃ ኃይል» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ለሥርወ ቃሉ ታምኖ ነገሩን ይክዳል። ክህደቱም ጉዳት አለው። ውሃ ለዚህ ሥርዓት ጠላቱ ነው፤ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ዘይቱ ወተት መስሎ ይነጣል፤ የማለስለስ ጠባዩን ያጣል፤ ብረቱ ይዝጋል። በቲኢ20 ዘይቱ ለካምቢዮውም ለኋለኛው አክስልም የጋራ ስለሆነ ጉዳቱ በማንሻው ላይ ብቻ አይቆምም። ስለዚህ የሥርዓቱን ስም በውሃ መሰየም ለጀማሪ ሠራተኛ ከቁም ነገር ይልቅ ወጥመድ ነው።

ከዚህ ይልቅ ቋንቋችን ራሱ የሄደበትን መንገድ መመልከት ይበጃል። የአዲስ አበባ መካኒክ ፍሬን የሚያሠራውን ፈሳሽ «የፍሬን ዘይት» ይለዋል እንጂ «የፍሬን ውሃ» አይለውም። አካዳሚ ሳያዝዘው፣ መዝገበ ቃላት ሳያገላብጥ፣ ያየውን ሰየመ። ስለዚህ «ሃይድሮሊክ» የሚለውን ውሰት ቃል እንደ አንድ ያልተተነተነ ስም ተቀብለን፣ ማብራሪያ በሚያስፈልግበት ጊዜ «በዘይት ግፊት የሚሠራ» ማለት በቂ ነው። ውሰት ቃል አንዳንድ ጊዜ ከትርጉም የሚሻለው ምንም ስለማይናገር ነው፤ ስሕተትም አይናገርም።

3. «ግፊት»፣ «ጉልበት» እና «ኃይል»

ከሁሉ የከፋው መደነጋገር ያለው እዚህ ላይ ነው። «ኃይል» የሚለው ቃላችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የተለያዩ የፊዚክስ ጽንሶችን ተሸክሞ ይገኛል፤ አንድን ነገር የሚገፋውን፣ ሥራ የመሥራት ዓቅምን፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚሠራውንም መጠን። «ግፊት» ደግሞ በአንድ በኩል የመግፋት ድርጊት፣ በሌላ በኩል በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈው ጫና መጠን ሆኖ ያገለግላል።

ምሳሌ እንውሰድ። ባለ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ፒስተን 20 ኪሎ ግራም ክብደት ቢጫንበት፣ በዘይት የተገናኘው ባለ 50 ካሬ ሳንቲ ሜትር ፒስተን 1,000 ኪሎ ግራም ያነሣል። ይህ ለተማሪው እንደ ተአምር ይታየዋል፤ ምክንያቱም «ኃይል ሃምሳ እጥፍ ሆነ» ተብሎ ይነገረዋል። ግን ትልቁ ፒስተን 1 ሳንቲ ሜትር ይነሣ ዘንድ ትንሹ 50 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። እንግዲህ የበዛው ጉልበት ነው እንጂ የተሠራው ሥራ አይደለም፤ ትልቁ ብር በዝርዝር እንደሚመነዘር ርቀቱ በጉልበት ተመነዘረ። ግፊቱም በሁለቱም ፒስተኖች ፊት አንድ ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል የሚጠራ መምህር ይህን ልዩነት ማስረዳት አይችልም። እኛ የምንመርጠው፣ ለሚገፋው «ጉልበት»፣ በስፋት ለተካፈለው «ግፊት»፣ በጊዜ ለተካፈለው ሥራ «ኃይል» እያሉ በጽኑ መለየትን ነው። ተራው ተናጋሪ ሦስቱን ቢያደባልቅ አይነቀፍም፤ የሙያ መጽሐፍ ግን በመጀመሪያው ገጽ ወስኖ እስከ መጨረሻው ሊጠብቀው ይገባል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስሕተት «ፓምፕ»ን «ግፊት ሰጪ» ማለት ነው። ፓምፕ ግፊት አይሰጥም፤ ፍሰትን ይሰጣል። ግፊቱ የሚወለደው ዘይቱ የሚገፋው ሸክም ሲቃወመው ነው፤ ሸክም ከሌለ ፓምፑ እየሠራም ግፊቱ ከቁጥር አይገባም። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ግፊት ሰጪ» በሚል ስም የሠለጠነ ጠጋኝ፣ ማንሻው እምቢ ባለ ቁጥር ጥፋቱን በፓምፑ ላይ ያደርገዋል፤ የኋላውን ክፍል ፈትቶ ፓምፑን ያወጣል፤ ወጪና ጊዜ ያባክናል። ፍሰትንና ግፊትን የለየ ጠጋኝ ግን በቀላሉ ከሚታየው ይጀምራል። በቲኢ20 ፓምፑን የሚያዞረው ዘንግ በማንሻው ተያይዟል ወይ? የዘይቱ ልክ ሞልቷል ወይ? ዘይቱ የሚሳብበት ወንፊት ተደፍኗል ወይ? ማረሻው ከተነሣ በኋላ ሞተሩ ሲጠፋ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ቆሞ ሳለ ስለሚሆን መጀመሪያ የሚመረመሩት የሲሊንደሩ መዝጊያዎችና ቫልቮቹ ናቸው። ትክክለኛ ስም የጥገናን ቅደም ተከተል ያስተምራል።

4. «ድራፍት»

በፈርጉሰን ሥርዓት ውስጥ ዋነኛው ፈጠራ በእንግሊዝኛ «ድራፍት ኮንትሮል» ይባላል። ይህን ቃል በመዝገበ ቃላት የሚፈልግ ተርጓሚ «ረቂቅ» የሚለውን ያገኛል፤ ስለ ደብዳቤና ስለ ሕግ ረቂቅ የሚነገረውን ነው። ሌላው የቃሉ ትርጉም የነፋስ ሽው ማለት ነው። ሁለቱም ከጉዳዩ ጋር አይገናኙም። ቃሉን እንዳለ መዋስም አይቻልም፤ በአማርኛ «ድራፍት» የሚለው ስፍራ በቢራ ተይዟል።

በእንግሊዝኛው ቃሉ ጥንታዊ የመጎተት ትርጉም አለው፤ ፈረስ ወይም በሬ የሚጎትተውን ሸክም ያመለክታል። ስለዚህ ትክክለኛው አቻ «ጉተታ» ነው፤ «ድራፍት ኮንትሮል»ም «ጉተታ ጠባቂ» ወይም «የጉተታ መቆጣጠሪያ» ይሆናል። አሠራሩም ይህ ነው። ማረሻው ጠንካራ አፈር ሲያጋጥመው የሚጎትተው ጉልበት ይበዛል። በዚህ ጊዜ የማረሻው ላይኛ ክፍል ወደ ፊት ስለሚያጋድል ላይኛውን ክንድ ወደ ትራክተሩ ይገፋዋል፤ ክንዱ ሞላን ይጫናል፤ የሞላው መታመቅ በዘንግ አማካይነት ቫልቩን ያነቃንቃል፤ ዘይት ይገባና ማረሻው ጥቂት ብድግ ይላል። አፈሩ ሲላላ ሞላው ይዘረጋል፤ ማረሻው ወደ ቀድሞ ጥልቀቱ ይመለሳል። በዚሁ መካከል የማረሻውና የአፈሩ ጫና ከፊሉ በትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ቀላል ትራክተር ከክብደቱ በላይ መጎተት ይችላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ገበሬ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሬዎቹ ሲያቃስቱ፣ ሞፈሩ ሲወጠር፣ እርፉን የያዘ እጅ መጫኑን ያላላል፤ አፈሩ ሲለሰልስ መልሶ ይጫናል። የፈርጉሰን ሞላ የሚሠራው ሥራ የአራሹ እጅ የሚሠራው ሥራ ነው። ማስተማሪያ መጽሐፍ «ረቂቅ መቆጣጠሪያ» ብሎ ተማሪውን ከሚያስጨንቀው፣ ከእርፍ ተነሥቶ ወደ ሞላ ቢወስደው በአንድ ቀን ይረዳዋል።

ከዚህ የሚለየው ሌላው መቆጣጠሪያ በእንግሊዝኛው «ፖዚሽን ኮንትሮል» የተባለው ነው። በቲኢ20 ላይ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በ35 ሞዴል ላይ ከጉተታ መቆጣጠሪያው ጎን ለብቻው መዘውር ተሰጠው። ሥራውም መሣሪያውን ከመሬት በተወሰነ ከፍታ ላይ መያዝ ነው። «ቦታ መቆጣጠሪያ» የሚለው ትርጉም ቃሉን ይመልሳል፣ ነገሩን ግን ያደበዝዛል፤ ቦታ በአማርኛ ወደ ጎንም ወደ ፊትም የሚዘረጋ ነው። የሚጠበቀው ከፍታ ነውና «የከፍታ መቆጣጠሪያ» ይባል። ሁለቱ መዘውሮች ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ «ጉተታ» እና «ከፍታ» በሚሉ አጫጭርና ተነባቢ ስሞች ቢለዩ ነጂው በሥራ መካከል አይደናገርም።

5. «ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ»

ሦስቱ ክንዶች በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ስም ቃል በቃል ሲመለስ «ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ» ይሆናል። «ነጥብ» በአማርኛ የጽሕፈት ምልክት፣ የውድድር ውጤት፣ የክርክር ፍሬ ነገር ነው፤ መሣሪያ የሚሰካበት ፔርኖ አይደለም። ይህ ግን ቀላሉ ጉድለት ነው። ከባዱ ያለው «ማያያዣ» በሚለው ላይ ነው።

ማያያዣ የሚለው ስም፣ አንድ ነገር ታስሮ የሚጎተትበት ስፍራ ሁሉ ነው ብሎ ያስባል። ላይኛው ክንድ «የላይ ማያያዣ» ከተባለ ነጂው ግንድ ለመጎተት ሰንሰለቱን እዚያ ቢያስር አይፈረድበትም፤ ስሙ ፈቅዶለታል። ነገር ግን ከኋለኛው አክስል ከፍታ በላይ የታሰረ ሸክም ትራክተሩን ወደ ኋላ የመገልበጥ ጠባይ አለው። ፈርጉሰን ሊያስቀር የደከመበት አደጋ በአንድ ቃል ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ መጎተቻ የሚለው ስም ዝቅ ብሎ ለተተከለው የመጎተቻ ብረት ብቻ ይጠበቅ። ሦስቱ «ላይኛ ክንድ» እና «ታችኛ ክንዶች»፣ በአንድነት ሲጠሩ ደግሞ «ባለ ሦስት ክንድ ማንጠልጠያ» ይባሉ ዘንድ እናሳስባለን። ማንጠልጠያ ሸክም የሚያዝበት ነው፤ ሰንሰለት የሚታሰርበት አይመስልም።

በዚህ አጋጣሚ ተቃራኒውን ፈተና ማንሣት ይገባናል። የባዕድ ቃል የሚጠላ ሌላ ወገን፣ ላይኛውን ክንድ «ሞፈር» እንበለው ቢል የአገርኛነት ስሜት ይማርካል። ነገር ግን ሞፈር የሚሳብ እንጨት ነው፤ ጉልበቱ በውጥረት ያልፍበታል። ላይኛው ክንድ ግን በማረስ ላይ ሳለ የሚገፋ ነው፤ ጉልበቱ በመታመቅ ያልፍበታል፤ ለሞላው ምልክት የሚሰጠውም በመገፋቱ ነው። «ሞፈር» ብሎ የተማረ ሰው ምልክቱን በተቃራኒው ይጠብቃል። ሦስቱን ክንዶች በሦስት ጉልቻ መስሎ መሰየምም ያው ነው፤ ጉልቻ ይቆማል፣ ክንዶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ደግሞም ቃሉ ትዳር የሚለውን ትርጉም አስቀድሞ ይዟል። ማነጻጸር ለማስተማር ይጠቅማል፤ ለመሰየም ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ከላይ እርፍን ያነሣነው ለማስረዳት ነው እንጂ ሞላውን «እርፍ» ለማለት አይደለም።

6. «ማውረድ» እና «ተንሳፋፊ»

አማርኛ «አወረደ» በሚለው ግሥ ውስጥ ሁለት ድርጊቶችን ያጠቃልላል፤ ይዞ ማውረድንና ለቆ ማውረድን። በፈርጉሰን ሥርዓት ዘይቱ ማንሣት ብቻ ስለሚችል ማውረድ ማለት መልቀቅ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሚንስክ የተመረተው ኤምቲዜድ 80 ሌላ ዓይነት ሥርዓት አለው። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ከካምቢዮው የተለየ ነው፤ ፓምፑ በማርሽ ጥርሶች የሚገፋ ነው፤ ሲሊንደሩ ዘይት በሁለት ወገን ይቀበላል፤ የማከፋፈያው መዘውርም አራት ስፍራዎች አሉት፦ ማንሣት፣ ባለበት መያዝ፣ በግፊት ማውረድ፣ መልቀቅ።

የምዕራቡም የምሥራቁም ትራክተሮች በአገራችን ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አካባቢ ትራክተር በተስፋፋበት ጊዜ፣ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቅለዋል፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላም የመንግሥት እርሻዎች ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ትራክተሮችን አሰማርተዋል። ስለዚህ የቃላቱ ምንጭ እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን መስኮብኛም ነው። አንዱን ሥርዓት የለመደ ነጂ ወደ ሌላው ሲሻገር «ማውረጃ» የሚለው አንድ ስም ያሳስተዋል። በፈርጉሰን ላይ ማረሻው መሬት ሲነካ ያርፋል። በሌላው ላይ ግን ዘይቱ መጫኑን ስለማያቆም መሣሪያውን ሊያጎብጥ፣ የትራክተሩንም ኋላ ከመሬት ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው «መልቀቂያ»፣ ሁለተኛው «ተጭኖ ማውረጃ» ይባል።

አራተኛው ስፍራ ከሁለቱም ቋንቋዎች ቃል በቃል ሲመለስ «ተንሳፋፊ» ይሆናል። መንሳፈፍ በአማርኛ በውሃ ወይም በአየር ላይ መሆን ነው፤ መሬት አለመንካትን ያመለክታል። በዚህ ስፍራ ግን መሣሪያው መሬቱን ነክቶ የመሬቱን ከፍና ዝቅ እየተከተለ በነጻ ይሄዳል። ቃሉ የሚለው ከነገሩ ጋር ተቃራኒ ነው። «ልቅ» የሚለው አጭር ቃላችን በቂ ነው፤ ልቅ የተባለ ነገር አይያዝም፣ አይጫንም፤ የሚመራው ይመራዋል።

7. «ሕያው» እና «እፎይታ»

በቲኢ20 ላይ የፍሪሲዮን ፔዳል ሲረገጥ ፓምፑ ይቆማል፤ ማንሣትም ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ በወጡ ሞዴሎች ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ተተክሎ፣ ትራክተሩ ቆሞ ፓምፑ መሥራቱን እንዲቀጥል ተደረገ። ይህ በእንግሊዝኛው «ላይቭ» ስለሚባል «ሕያው ሃይድሮሊክ» የሚል ትርጉም ያስከትላል። ስሙ ግርማ አለው፤ ትርጉም ግን የለውም። የማይቋረጥ መሆኑ ነውና ቁም ነገሩ፣ «የማይቋረጥ» ይባል።

ከመጠን ያለፈ ግፊትን የሚያስወጣውን ቫልቭ «የእፎይታ ቫልቭ» ማለትም የዚሁ ዓይነት ነው። እፎይታ ከድካም ወይም ከጭንቀት ያረፈ ሰው ነው። የቫልቩ ሥራ ግፊቱ ከተወሰነለት ወሰን ሲያልፍ ዘይቱን ማስለቀቅ ነው፤ «የግፊት ወሰን ቫልቭ» ሲባል ሠራተኛው ወሰን እንዳለው ያውቃል፤ ማንሻው ጉልበት አነሰው ብሎ የቫልቩን ሞላ ከማጥበቁ በፊትም ያስባል። ወሰኑን ማለፍ ማለት ቱቦና ሲሊንደር መፈንዳት ማለት ነውና።

8. «ፍሳሽ»

በመጨረሻ የምንመለከተው ባዕዱ ቋንቋ ድኻ፣ የእኛው ባለጸጋ የሆነበትን ስፍራ ነው። እንግሊዝኛው ዘይት ከተዘጋበት የሚወጣበትን መንገድ ሁሉ በአንድ ቃል ሊጠራው ይችላል፤ ተርጓሚውም «ፍሳሽ» ብሎ ያልፋል። አማርኛ ግን ለይቶ ያውቃል። ዘይት በመጋጠሚያ ዙሪያ ወዝ መስሎ ሲታይ «ያዣል» እንላለን፤ ጠብ ጠብ ሲል «ያንጠባጥባል»፤ በብዛት ሲወርድ «ይፈሳል»፤ በጠባብ ቀዳዳ በግፊት ሲወጣ «ይረጫል»፤ ወደ ውጭ ሳይታይ በውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያልፍ «ይሰርጋል»። አምስቱ አምስት ልዩ ልዩ ጥፋቶች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። የሚሰርግ ሲሊንደር መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳያሳይ ማረሻውን ያወርዳል። የሚያዣ መጋጠሚያ ለጊዜው ሊታለፍ ይችላል።

የሚረጨው ግን ሕይወት የሚነካ ነው። ከመርፌ ቀዳዳ የማይበልጥ ስንጥቅ ያለው ቱቦ ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት ሲተፋው፣ ጭጋግ መስሎ ከመታየት በቀር ለዓይን አይጎላም። ቀዳዳውን በእጁ ዳስሶ ለማግኘት የሚሞክር ሰው ዘይቱ ቆዳውን በስቶ ሥጋው ውስጥ ይገባበታል። ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ይንቀዋል፤ ነገሩ ግን በአስቸኳይ የቀዶ ሕክምና የሚያሻው ጉዳት ነው፤ ከዘገየ ጣት ወይም እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። ፍለጋው መደረግ ያለበት በካርቶን ወይም በጣውላ ቁራጭ ነው። «ፍሳሽ ካለ ያረጋግጡ» የሚል መመሪያ ሠራተኛው በእጁ እንዲዳስስ አይከለክለውም፤ «ዘይት የሚረጭበትን በእጅ አትንኩ» የሚል ግን ይከለክለዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጽንስ አለ፤ ሞተር ከጠፋ በኋላ በሥርዓቱ ውስጥ የሚቀረው ግፊት። ማረሻው ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ሳለ ሞተሩ ቢጠፋ ሸክሙ ዘይቱን መጫኑን አያቆምም። በዚህ ጊዜ ቱቦ የፈታ ወይም ከማረሻው ሥር የገባ ሰው አደጋ ላይ ነው። «ቀሪ ግፊት» የሚለው ትርጉም ትንሽና የማያስፈራ አስመስሎ ያቀርበዋል። ጎርፍን በግድብ ማቆር ከለመድነው ግሥ «የታቆረ ግፊት» ብንለው፣ ሰሚው ግድቡ ሲናድ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ከማንኛውም ጥገና በፊት መሣሪያው መሬት ላይ እንዲያርፍ የሚያዘው ደንብም በዚህ ስም ምክንያቱን ያገኛል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ካየናቸው ስያሜዎች ሦስት ደንቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በሠራተኛው አፍ የተደላደለ ውሰት ቃል አይነካ። ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ሞላ ከጣልያንኛ መጥተው አማርኛ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ፒስተንና ሃይድሮሊክም እንዲሁ። እነዚህን በአዲስ ቃል መለወጥ ሠራተኛውን ከመጽሐፉ መለየት ነው። ሁለተኛ፣ የሚተረጐመው ቃል የባዕዱን ቃል ምስል ሳይሆን የዕቃውን ሥራ ይከተል፤ «ጉተታ»፣ «ከፍታ»፣ «ልቅ» እና «የግፊት ወሰን» ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛ፣ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፦ ይህን ስም ብቻ የሰማ ሰው እጁን ወዴት ይሰድዳል? መልሱ ወደ አደጋ ከሆነ፣ ስሙ በሰዋስው የቱንም ያህል ቢያምር ይጣል።

የቃላት ኮሚቴዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰቡት በመዝገበ ቃላት ዙሪያ ነው። ለእንዲህ ያለው መስክ ግን አንድ ጠጋኝና አንድ ነጂ በስብሰባው ቢቀመጡ፣ የቀረበውንም ስም በቆመ ትራክተር ላይ ቢፈትኑት፣ ሥራው ይቃናል። ቋንቋን የሚያውቀው ሊቅ ቃሉን ያቀርባል፤ ዘይት የነካው እጅ ያጸድቀዋል ወይም ይመልሰዋል። በዚህ ጽሑፍ ያቀረብናቸው አማራጮችም ለዚሁ ፍርድ የቀረቡ ናቸው፤ ከእነርሱ የተሻለ የሚያመጣ አንባቢ ቢገኝ የቡለቲኑ ገጽ ክፍት ነው።